የአክስቴ ማስነጠስና የጫኖ መንገድ

ተናድጃለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ይህን ልጅ ምን ነካው?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነኝ፤ ፈተናው ከባድ ከሆነ ወረቀቱን ከማደሌ በፊት እናገራለሁ። ቀድሞ የተነገረ መዓት ግማሹ ያለቀ መዓት ነው።

አንዳንድ ሰው «ምልኪ ምን ያናድዳል? ስቀህ ማለፍ ነው» ይለኛል። እንዲህ የሚለኝ ሰው ትዳሩ በአንዲት ማስነጠስ ላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም። የእኔ ተንጠልጥሎ ያውቃል፤ ስለዚህ አልስቅም፤ አላልፍምም።

ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚያው ትምህርት ቤት ምሕረት የምትባል የሒሳብ መምህርት አለች። መጀመሪያ ጠመኔ ተዋዋስን፣ ከዚያ መጽሐፍ፣ ከዚያ ጃንጥላ፤ በመጨረሻ ልባችንን ተዋዋስንና ሁለታችንም ሳንመልስ ቀረን። አባቷ አቶ ዘለቀ ጫኖ ውስጥ ሙዝና ማንጎ ያለማሉ። ቆፍጣና፣ ጾመኛ፣ ከቃላቸው ዝንፍ የማይሉ ሰው ናቸው። ምሕረትን ደግሞ የፍራፍሬ መኪና ያለው የአንድ ነጋዴ ልጅም ይፈልጋታል። አቶ ዘለቀ ለሁለታችንም ወገን አንድ ቃል ላኩ፦ ከዐቢይ ጾም በፊት የመጣ ሽማግሌ ይደመጣል፤ ጾም ከገባ በቤቴ የጋብቻ ወሬ አይነሳም፤ እስከዚያ ያልመጣም እንደ ተወው ይቆጠራል።

እኛ የያዝነው ቀን የቅበላውን እሑድ ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ጾም ይገባል። ያ እሑድ ካመለጠኝ ምሕረት አመለጠችኝ ማለት ነው። «ለምን እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆያችሁ?» ብትሉ፣ የአጎቴ የጋሽ ታደለ ግራ ዓይን ሲርገበገብ ሰንብቶ ነው። ግራ ዓይናቸው እየተርገበገበ ለጋብቻ አይንቀሳቀሱም። ቀኝ ዓይናቸው እስኪርገበገብ ስንጠብቅ እሑድ ደረሰ።

ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ታደለ የእናቴ ወንድም ናቸው። የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለው መስቀል ሲያጎነብሱ ከእሳቸው ቀድሞ መሬት ይነካል። ጋሽ ባቢሶ የሟቹ አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ብለው ከኦቾሎ ተራራ ወርደዋል። ሸማኔ ናቸው፤ ዝምተኛም ናቸው፤ በቀን የሚናገሯት አንዲት ቃል ግን ሰው ታስቀምጣለች። ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ሰማን ናቸው፤ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ግን በኛ ሰፈር ያለ እሳቸው የተላከ ሽማግሌ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሁላችንም ቅዳሴ ሄድን፤ ከጋሽ ሰማን በቀር ማለቴ ነው። እንደ ታዘዘ የንስሐ አባታችን የሰበኩት ስለ ምልኪ ነበር። ወፍ ጮኸ ብሎ መንገድ የሚያስቀር፣ እንቅፋት መታኝ ብሎ ቤቱ የሚመለስ ክርስቲያን አምላኩን ለወፍና ለድንጋይ ሸጧል አሉ። ጋሽ ታደለ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። እንዲያውም በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ «ስማ፣ ስማ» አሉኝ። እኔም ሞኙ «ዛሬስ ዳንን» አልኩ በልቤ።

ቤት ደርሰን ቁርስ ቀመስን፤ ጋሽ ሰማንም መጡ። ጸሎት ተደረገ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። በሩ ተከፈተ። ይሄኔ ጓዳ በር ላይ የቆመችውን አክስቴን ብርቄን አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አልናት።  ሦስቱም እንደ ቆሙ አፍንጫዋን ማየት ጀመሩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ ቤት ሕግ፣ ሰው ለመንገድ ሲነሳ አንድ ማስነጠስ ከተሰማ «ቁጭ በል» ማለት ነው፤ ሁለት ከተሰማ «ሂድ» ማለት ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። በየትኛውም ቅዱስ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ይግባኝም የለውም።

ጋሽ ታደለ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። «ትጨርስ» አሉ።

አክስቴን እንደ ቴሌቪዥን ከብበን ተቀመጥን። ምስኪን፣ ሞከረች። ፀሐይ አየች፤ አፍንጫዋን አሸች፤ እናቴ አቧራ አቧራውን አስቢ አለቻት። ምንም የለም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ስብከቱን ላስታውሳቸው ብሞክር ጋሽ ታደለ ያ ስለ ወፍ እንጂ ስለ ማስነጠስ አልተባለም አሉኝ።

የሥርዓት ሰው ነኝ፤ ችግር ካለ መፍትሔ አለ። ጓዳ ገባሁና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይዤ መጣሁ። አክስቴ አፍንጫ ሥር ያዝኩላት። ሁለተኛዋ መጣች። ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» ብለው ተነሱ። ሦስተኛዋ መጣች፤ ተቀመጡ። አራተኛዋ መጣች፤ ተነሱ። አምስተኛዋ ላይ ጋሽ ባቢሶ ወገባቸውን ይዘው አጋማሽ ላይ ቀሩ። ሚጥሚጣን ማስጀመር እንጂ ማስቆም እንደማይቻል ፊዚክስ አላስተማረኝም። ሦስት የተከበሩ ሰዎች የሰልፍ ስፖርት እንደሚሠራ ተማሪ ቁጭ ብድግ ሲሉ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጥርሴን አፋጫለሁ።

በመጨረሻ አፍንጫዋ ዝም ሲል በስንት እንደ ቆመ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ጋሽ ሰማን ወደ በሩ እያዩ በእርጋታ፣ «ጥንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ» አሉ። እንዳልቆጠሩ አውቃለሁ፤ ጣታቸው ከመቁጠሪያቸው ላይ አልተነሳም ነበር። ግን ነጋዴ የቆጠረውን ማን ይጠራጠራል? ተነሱ። እናቴ አክስቴን በፍጥነት ጓዳ ከተተቻት፤ ከሚጥሚጣው የተነሳ እንባዋ ይወርድ ነበርና፣ መንገደኛ ደግሞ በእንባ አይሸኝም።

ገና ግቢው በር ላይ ስንደርስ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ከፊት ለፊት መጣች። በእጇ ጀሪካን አለ። ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ስለ ባዶ ዕቃ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ወይዘሮ ዘነበች ምን አጠፋሁ ብላ ጠየቀች፤ ማን ይንገራት? እኔ «ቆይ» ብያት ጀሪካኗን ቀማኋትና ወደ ቧንቧችን ሮጥኩ። ቧንቧው አፉን ከፍቶ ተነፈሰብኝ። በምንጭ ስም የምትጠራ ከተማ ውስጥ፣ በዚያች ሰዓት አንድ ጀሪካን የሚሞላ ውኃ አጣሁ። ጓዳ ገባሁ። ከእናቴ አልጋ ሥር አንድ ሙሉ ጀሪካን አለ። ሳልጠይቅ ገለበጥኩት። ለወይዘሮ ዘነበች ሰጥቼ «አንዴ ወጣ ብለሽ ግቢ» አልኳት። ሙሉ ጀሪካን ይዛ ስትገባ ሽማግሌዎቼ ፊታቸው በራ፤ ይኸውላችሁ ገድ ማለት ይህ ነው ተባለ።

እናቴ ባዶውን ጀሪካን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ጸበል ነበር። ገዳም ሄዳ፣ ሱባዔ ገብታ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ጸበል። ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ እየመረቀችኝ፣ ለዛሬው የልብስ አጠባ እንደሚበቃት እየነገረችኝ ወደ ቤቷ ታዘግማለች። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ከኋላዋ በረረች። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች አንድ ጀሪካን ይጓተታሉ፤ አንደኛዋ ምን እንደምትጓተት አታውቅም፤ ሁለተኛዋ ልትናገር አትችልም። ክርስቲያን ቤት ውስጥ የተቀደሰውን ውኃ ለባዶ ጀሪካን ምልኪ አፈሰስነው። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ በራሴም ጭምር። ጋሽ ታደለ ግን ባጃጁ ውስጥ እየገቡ በጣም ረክተው ነበር። «ጸበል ከሆነማ የበለጠ ገድ ነው» አሉ።

ባጃጁ ሄደ። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ላስረዳ። ሽማግሌ የላከ ልጅ አብሮ አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ይጠብቃል። እኔ ግን እነዚህን ሰዎች ለብቻቸው ልለቃቸው? የባልደረባዬን ሞተር ለመንኩ፤ እንዳይለዩኝ ጋቢ ተከናነብኩና ተከተልኳቸው። በአርባ ምንጭ የበጋ ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ ሞተር የሚነዳ ሰው ይደበቃል ብዬ ማሰቤ ትምህርቴን ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ሲቀላ መናኸሪያ ጋ ስደርስ ተማሪዎቼ ከሩቅ ለዩኝ። አንደኛዋ ወባ ይዞኝ ከሆነ ሐኪም ቤቱ በሌላ በኩል መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ።

ከከተማ ወጣን። የሙዙ እርሻ በሁለቱም በኩል ተዘርግቷል፤ ባጃጁ በጥሩ ፍጥነት ይሄዳል፤ እኔም ትንሽ መተንፈስ ጀመርኩ። ድንገት ባጃጁ ቆመ። ሦስቱም ወረዱ። መንገድ ዳር ያለ የማንጎ ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ። ሾፌሩም ወርዶ ተቀመጠ።

ሞተሬን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቄ ለጋሽ ሰማን ደወልኩ። እንደ ዕቃ አቅራቢ አዋሩኝ፤ ጭነቱ መንገድ ላይ ቆሟል አሉኝ። ምን ሆኖ ብላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ዝንጀሮ ከቀኝ ወደ ግራ መሻገሩን፣ ጋሽ ባቢሶም እስኪመለስ ከዚህ አልንቀሳቀስም ማለታቸውን ነገሩኝ። እርስዎም ያምኑበታል ወይ ብላቸው፣ እሳቸው በዚህ እንደማያምኑ፣ ግን ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ሽማግሌ ብቻውን ቢሄድ ልመና እንጂ ሽምግልና እንደማይባል አስረዱኝ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ።

ኦቾሎ ውስጥ ራሱ ይህን የዝንጀሮ ሕግ የሚያውቅ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ ሁሉም ይስቁብኛል። ያን ዕለት ግን ሕጉ ጸንቶ ነበር፤ ዝንጀሮው ወይ ይመለሳል፣ ወይ ሌላ ዝንጀሮ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል።

እሺ፣ ይመለስ። መንገድ ዳር ከምትሸጥ ልጅ አንድ እጅ ሙዝ ገዛሁና በሙዙ እርሻ ዞሬ ወደ ግራ ገባሁ። ዝንጀሮው ግንድ ላይ ተቀምጧል፤ ትልቅ ወንድ ነው፤ ስመጣ እንደ ሱፐርቫይዘር አየኝ። ሙዝ አሳየሁት። ወደ መንገዱ እያፈገፈግኩ አንድ ወረወርኩለት፤ በላ፤ ተከተለኝ። ሌላ ወረወርኩለት፤ በላ፤ ተከተለኝ። መንገዱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሒሳብ ሠራ መሰለኝ፣ አንድ አንድ ከመቀበል ሁሉንም መውሰድ ይሻላል አለ። ዘለለብኝ። ሙዙንም ጋቢዬንም መንትፎ ወደ ግራ፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ወደ ግራ ጠፋ። እኔ ጮኼ አስፋልቱ መሐል ወደቅኩ። ስነሳ ሦስቱ ሽማግሌዎቼ በማንጎው ጥላ ሥር ሆነው ያዩኛል።

ጋሽ ባቢሶ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ በጋሞ ሥርዓት ሲጣስ መዘዝ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ሽማግሌ የላከ ልጅ ሽማግሌውን በመንገድ ማቋረጡ እሳቸው ዘንድ ከዚያ ይቆጠራል።

ያኔ ፈነዳሁ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ጮኽኩ። ጠዋት እንደ ጸለይን፣ መንገዳችንን ለእግዚአብሔር እንደ ሰጠን፣ ገና ከቤት ሳንወጣ ለአክስቴ አፍንጫ፣ ከዚያ ለጀሪካን፣ አሁን ደግሞ ለዝንጀሮ እንዳስረከብነው ተናገርኩ። እኔ የማምነው አምላክ መንገዴን ለማሳየት ዝንጀሮ አይቀጥርም አልኩ። ቅዳሴ ላይ ራስ ነቅንቆ እዚህ መቀመጥ በእግዚአብሔር ፊት ማሾፍ ነው አልኩ። ይህን ስል ምሕረትን እያሰብኩ ነበር።

ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። መስቀላቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔርን አምናለሁ። ዝንጀሮውን ደግሞ እፈራለሁ። ሁለቱ ተጣልተውብኝ አያውቁም።»

 እኔ ለዚህ የሚሆን ቀመር የለኝም።

ስልኬ ጮኸ። ምሕረት ነበረች። አባቷ ደጅ ድረስ እየወጡ ይመለሳሉ፤ ወጡ ቀዝቅዟል፤ ሥጋው ተቆርጦ ይጠብቃል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ካልደረሳችሁ በሩ ይዘጋል አለችኝ። የት እንደሆንን ጠየቀችኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ነገርኳት።  

«ዝንጀሮው እኮ አንድ ቁም ነገር ሠርቷል፤ ተሻግሯል» አለች። «እናንተስ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ከሲቀላ በኩል የታጠበ ፒካፕ መጣ። የነጋዴው ልጅ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም የመጨረሻዋን ቀን ይዘዋል። ሊያልፉን ሲሉ ፍጥነት ቀነሱ። ጋቢና የተቀመጠው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ዋላችሁ፤ ባጃጅ ተበላሸባችሁ? ከኋላ ቦታ ነበረን፤ ግን ፍየል ጭነናል» አለ። ፍየሏም አየችን። ሄዱ።

መጀመሪያ የተነሱት ጋሽ ባቢሶ ናቸው። ወገባቸውን ሳይዙ ነው የተነሱት። ጋሽ ታደለ ሾፌሩን ተኝተሃል እንዴ ብለው ተቆጡት፤ ሾፌሩ ቁልፍ እስኪያወጣ መታገሥ አቅቷቸው በእግር መንገድ ጀመሩ፤ ባጃጁ ከኋላ ደርሶ ለቀማቸው። የቤተ ክርስቲያን ስብከት ያላነሳቸውን፣ የእኔ ጩኸት ያላነሳቸውን ሰዎች ቅናት አነሳቸው። በሰው ልብ ውስጥ ከምልኪ የሚበረታ ነገር እምነት ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው።

ጫኖ ስንደርስ ፒካፑ ደጅ ቆሟል። እነሱ ቀድመው ገብተዋል። የእኔዎቹ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ በሙዙ መሐል ዞሬ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆምኩ። ምሕረት በጓሮ በር ወጥታ መጣች፤ ጋቢ የለሽ፣ አቧራ የለበስኩ፣ ክርኔ የተላጠ ሆኜ አገኘችኝ። አልሳቀችም። «አለቀ» አልኳት። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ እንዳዳምጥ ምልክት ሰጠችኝ።

ብዙ አልቆየም። የፒካፑ ሰዎች ወጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ፍየሏንም መልሰው ጫኗት። ዓይኔን ማመን አልቻልኩም። ምሕረት ራሷም ገና አሁን የሰማችውን በሹክሹክታ ነገረችኝ፦ ጎህ ሲቀድ አንዲት ሴት ዶሮ እንደ አውራ ዶሮ ጮኻ ነበር። አባቷ ወዲያው አሳርደዋት፣ ዛሬ በሬን ቀድሞ የሚረግጥ ሽማግሌ ማንም ይሁን ማን ባዶውን ይመለሳል ብለው ወስነው ነበር።

 በሰዓቱ ደርሰን ቢሆን ኖሮ፣ አክስቴ ባታስነጥስ፣ ጀሪካኑ ሙሉ ቢሆን፣ ዝንጀሮው ቤቱ ቢውል፣ የተመለስነው እኛ ነበርን። ይህን ለማንም አታስተምሩ። እውነት መሆኑ ስሕተት ነው።

ውስጥ አቶ ዘለቀ ሽማግሌዎቼን ለምን አረፈዳችሁ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ባቢሶ የዓመት ንግግራቸውን በዚያች ሰዓት ጨረሱ፤ ስለ ማስነጠሱ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ዝንጀሮው አንድም ሳያስቀሩ ተረኩ። የእኔን አስፋልት ላይ መውደቅ ይዝለሉት ብዬ ጸለይኩ፤ አልዘለሉትም። ከግድግዳው ወዲያ አቶ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄን የምሰጠው እንዲህ ለሚጠነቀቅ ቤት ነው» አሉ።

እልልታ ሆነ። ምሕረት እጄን ያዘችኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፤ ግን በደስታዬ ውስጥ ንዴቴ እንደ አሸዋ ቅጭ ቅጭ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ የሠርጉ ቀን ተነሳ። ጾሙ ሲፈታ፣ ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ ይሁን አሉ ጋሽ ታደለ። ዘንድሮ ፋሲካ ዘግይቶ ስለሚውል ያ ጊዜ ግንቦት ነው።  በግንቦት ሠርግ አይደገስም፤ የግንቦት ሙሽራ አይበረክትም። አቶ ዘለቀ አይሆንም አሉ፤ ጋሽ ታደለ እንዴት ይሆናል፣ አፌን አዳልጦኝ ነው አሉ፤ ጋሽ ሰማን እንኳ ግንቦትስ ይቅር አሉ። ሰኔ ዝናብና የሐዋርያት ጾም ነው፤ ከዚያ ክረምት፤ ከዚያ ፍልሰታ። እያሉ፣ እያሉ ጥር ደረሱ። ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር በአንድ ትንፋሽ ተወሰነብኝ።

ወደ ምሕረት ዞርኩ። ቤተ ክርስቲያን ግንቦትን እንዳልከለከለች፣ የንስሐ አባታችን ራሳቸው በግንቦት አግብተው ቤታቸው በልጅ መሙላቱን፣ እሷ አንድ ቃል ብትናገር አባቷ እምቢ እንደማይሏት በቅደም ተከተል አስረዳኋት። ሁለታችን ከቆምን ይህ የምልኪ ነገር በኛ ትዳር ደጅ ላይ ያበቃል አልኳት። ሒሳብ የምታስተምር ልጅ ናት፤ ዕድልን በቁጥር የምትለካ፤ ቅድም በስልክ በዝንጀሮው የቀለደች። እሷ ብቻ ናት ያለችኝ።

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ፈታችው። እንደገና ጠቀለለች።

«እኔ እኮ በዚህ አላምንም» አለች።

«አውቃለሁ። ታዲያ?»

«አላምንም» አለች ምሕረት ወደ መሬት እያየች። «ግን ግንቦትን ለምን እንነካካዋለን?»

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ተጠርታችኋል። ተናድጄ እጠብቃችኋለሁ።